ዝም ያለው እግር

«መላጣው» እንለው ነበር ያንን ኮረብታ። እውነተኛ ስሙን የአገሩ ሰው ያውቀዋል፤ እኛ ግን አንድ ዛፍ ስላልነበረበት መላጣው አልነው። በሰሜን ግንባር፣ ክረምት ሲገባ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትእዛዝ መጣ። ሻለቃው መላጣው ላይ ወጥቶ ምሽግ ይይዛል፣ የመገናኛ ቡድኑ ደግሞ እስከ ታች ብርጌዱ ድረስ የስልክ ሽቦ ይዘረጋል። ለስንት ቀን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ኋላ ስንቆጥረው አምስት ወር ሆኖ ተገኘ።

የልጅ ልጆቼ ስለዚያ ጊዜ ሲጠይቁኝ ስለ ጥይቱ ነው የሚጠይቁኝ። «አባባ፣ ስንት ሰው ገደሉ?» ይሉኛል። እኔ ሽቦ ጎታች ነበርኩ። ጠመንጃ ይዣለሁ፣ ተኩሻለሁም፤ ጥይቴ የት እንደወደቀ ግን አላየሁም። በእጄ ገደልኩት የምለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ወንድሜ ነበር። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። አሁን የራሴ እግር አንድ ነገር ስለሆነ ልናገር።

ቡድናችን አራት ሰው ነበር። አለቃችን ሃምሳ አለቃ ደምሴ፣ ረጅም፣ ብዙ የማይናገር የመንዝ ሰው። ቶሎሳ ከወለጋ፣ የሽቦውን ጥቅል ብቻውን አዝሎ ዳገት የሚወጣ ጉልበተኛ። ሰይድ ከከላላ። አራተኛው እኔ፣ ከወሎ ቦረና፣ ከመካነ ሰላም ወዲያ። እኔና ሰይድ ለውትድርና የተወሰድነው በአንድ መኪና ላይ ተጭነን ነው። እሱ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን። ግን እሱ «ወላሂ» ሲል እኔም «ወላሂ» እላለሁ፣ እኔ «በማርያም» ስል እሱም «በማርያም» ይላል። ማን የማን እንደሆነ ለመለየት ቶሎሳ አንድ ወር ፈጅቶበታል።

ሥራችን እንዲህ ነበር። መድፍ በወደቀ ቁጥር ሽቦው ይበጠሳል። አንድ ሰው ይወጣና ሽቦውን በመዳፉ እያሳለፈ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እስከ ተበጠሰበት ድረስ ይሄዳል። ሁለቱን ጫፍ በጥርሱ ይልጣል፣ ይጠመዝዛል፣ በጨርቅ ያስራል። ከዚያ ስልኩን ይደውላል። ወዲያ ማዶ ሰው ካነሣ ሽቦው ድኗል። አንድ ነገር ደግሞ ቶሎ ይማራል። ልባሱ የተላጠ ሽቦ ውሃ ሲነካው ማንም ሳይናገር ራሱ ይንጫጫል። ሲንጫጫ ቆይቶ ድንገት ዝም ካለ ወይ ደርቋል፣ ወይ ሞቷል። ደውለህ ካልሞከርከው አታውቀውም። ይህንን ሃምሳ አለቃ ደምሴ በመጀመሪያው ሳምንት አስተማረን። እኔም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝኩት።

ምሽጉ ውሃ ይዟል። ከስክስ ጫማችን ሳምንት፣ አንዳንዴ አሥር ቀን ከእግራችን አይወልቅም፤ ማጥቃት ይመጣል ተብሎ። በሁለተኛው ወር እግራችንን ሕመም ጀመረን። መጀመሪያ ጉንዳን የወረረህ ይመስልሃል። ቀጥሎ ሚጥሚጣ ነስንሰው ያሹህ ያህል ይለበልባል። ከዚያ አልፎ አልፎ እንደ ምላጭ ከአውራ ጣት ተነሥቶ እስከ ባት ይሰነጥቅሃል። ጫማ ብታወልቅ ቁስል የለ፣ እብጠት የለ። ለአለቃ የምታሳየው ነገር የለህም። «እግሬን አመመኝ» ያለ ደግሞ ከምሽግ ሊሸሽ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ስለዚህ እርስ በርሳችን ብቻ ነበር የምናወራው።

«እግሬን ሸጬ በቅሎ ብገዛ ይሻለኝ ነበር» ይላል ሰይድ።

«የከላላን እግር ማን ይገዛል?»

«ለቦረና ሰው ነው የምሸጠው። የቦረና ሰው መች አይቶ ይገዛል?»

ቶሎሳ ይስቃል። ሃምሳ አለቃው እንኳ ፊቱን ዞር አድርጎ ይስቃል።

የሻለቃው ሐኪም አሥር አለቃ ካሳ የሚባል ሰው ነበር። ሐኪም እንለዋለን እንጂ ቁስል አጣቢ ነበር፤ ግን አንባቢና አስተዋይ ነው። አንድ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወደ እኛ ምሽግ ወርዶ የአራታችንንም እግር አየ። በእኛው ቋንቋ ነገረን።

«ሽቦ ነው» አለን። «ከወገባችሁ ተነሥቶ እስከ ጣታችሁ የሚወርድ ቀጭን ሽቦ አለ። ነርቭ ይባላል። እሾህ ቢወጋችሁ፣ እሳት ቢነካችሁ ለአንጎል የሚደውለው እሱ ነው። ብርዱና ውሃው፣ ደረቅ ብስኩት፣ ኮቾሮ ብቻ መብላቱም ጭምር፣ ልባሱን ልጦታል። ስለዚህ እሳት ሳይኖር እሳት አለ እያለ ይደውላል።»

«ታዲያ አይቀጠልም?» አለ ቶሎሳ።

«እጅ አይገባበትም። ማድረቅ ነው። አንዱን ካልሲ ከሸሚዛችሁ ሥር ሆዳችሁ ላይ አድርጉት፣ በገላችሁ ይደርቃል፣ እየለዋወጣችሁ ልበሱ። የጫማችሁን ገመድ አላሉት። እግራችሁን እሳት እንዳታስጠጉት። ሲለበልባችሁ ደግሞ ፈጣሪን አመስግኑ። የሚንጫጫ ሽቦ ገና አልሞተም።»

ሲሄድ ሰይድ «ይኼ ሰውዬ ታመሙና አመስግኑ ነው የሚለን?» አለ። ሳቅን።

ካልሲውን ግን ሆዳችን ላይ አደረግን። ጥቂት ቀን ረዳን። ከዚያ ዝናቡ በረታና ሆዳችንም ረጠበ።

በአምስተኛው ወር አንድ ጠዋት ሰይድ ሲነቃ ዝም ብሎ እግሩን አየ። ከዚያ በጫማው ድንጋይ መታ። ደግሞ መታ።

«አልሃምዱሊላህ! ለቀቀኝ!» አለ።

«እውነት?»

«ወላሂ ለቀቀኝ። ጉንዳኑም የለ፣ እሳቱም የለ። አብሽሩ፣ እናንተንም ይለቃችኋል።»

ቀናሁበት። እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁበት። የእኔ እግር ያን ዕለት ሲፈጀኝ ነበር። ቶሎሳ ያለችውን ትንሽ ስኳር በኮዳ ክዳን በጥብጦ «የምሥራች» ብሎ አጠጣው። አራት የሽቦ ሰዎች ነን፤ ከመካከላችን ደውሎ እንሞክረው ያለ የለም።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መድፍ ጀመሩን። ስልኩ ሞተ። ሃምሳ አለቃ ደምሴ ዞሮ አየን።

«እግሩ የሚረዳው ማነው?»

ተራው የእኔ ነበር። ቶሎሳም ሰይድም ያውቃሉ። እኔ «ሰይድ ድኗል፣ አለቃ» አልኩ። ይኼው ነው ያልኩት። ሰይድ እኔን አይቶ ፈገግ አለ፣ የሽቦ መቁረጫውን አነሣና ወጣ።

ሽቦው ሦስት ቦታ ተበጥሶ ነበር። ታች ያለውን ጅረት እየተሻገረ ሁለት ጊዜ ተመላልሷል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ ነፍስ ዘራ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰይድ ራሱ ተመለሰ። ጫማውን ሳወልቅለት እግሩ ነጭ፣ ጣቶቹ የተጨማደዱ፣ ሲነኩት የወንዝ ዓሣ ነበር የሚመስለው። በእኔ ፋንታ ነው የወጣው።

በእኛ አገር ሰው ከውርጭ ሲገባ የወንዝ ድንጋይ በፍም እናግላለን፣ በጨርቅ ጠቅልለን ከውስጥ እግሩ ሥር እናደርግለታለን። ቦረናም እንደዚያ ነው፣ ከላላም እንደዚያ ነው። መንገደኛ የሚከበረው በዚያ ነው። በጥይት ቆርቆሮ ውስጥ ጥቂት ፍም ነበረችን። ለስላሳ ድንጋይ መረጥኩ፣ አጋልኩ፣ በራሴ ካልሲ ጠቀለልኩ። የሐኪሙ ቃል ትዝ ብሎኝ ነበር። እሳት አታስጠጉ ነው ያለው፣ ድንጋይ አላለም፣ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ድንጋዩን ከውስጥ እግሩ ሥር አድርጌ በጆንያ ጠፈርኩት።

«ሞቀህ?»

«ገና ነው።»

ትንሽ ቆየሁ። «አሁንስ?»

«ገና ነው። ከቦረና ያመጣኸው ድንጋይ መሰለኝ፣ ሰነፍ ነው።»

ሁለተኛ ድንጋይ ጨመርኩ። ጆንያውን ጠበቅ አደረግኩ። «አላህ ያክብርህ» አለኝና ግድግዳውን ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው። እኔም ከጎኑ ተቀምጬ ደስ አለኝ።

ቶሎሳ አፍንጫውን አነሣ። «ሥጋ መጣ እንዴ? ማነው የሚጠብሰው?»

«ለመኮንኖቹ ይሆናል» አለ ሃምሳ አለቃው።

ሁላችንም ሽታውን ሳብ አድርገን ተሳሳቅን። ወር ሙሉ ሥጋ አልቀመስንም ነበር። እኔም ስቄያለሁ። ምራቄንም ውጫለሁ። ከዚያ ከጆንያው ጭስ ሲወጣ አየሁ።

የሆነውን ሁሉ አልጽፍም። ካልሲው ከሥጋው ጋር ተጣብቆ ነበር። ከተረከዙ አጥንት አየሁ። ሰይድ በጩኸታችን ነቃና አንድ በአንድ አየን።

«ምንድነው? ምን ሆናችሁ?» አለ። «ምን ታዩኛላችሁ?»

አሥር አለቃ ካሳ እየሮጠ መጣ። መርፌ አወጣና ከአውራ ጣቱ ጀምሮ ወደ ላይ ወጋ ወጋ እያደረገ ሄደ። ሰይድ ወደ ሌላ ወገን ፊቱን አዙሮ «ጀመርክ?» ይለዋል። መርፌው ግማሽ ባት ላይ ሲደርስ ነው «ኧረ!» ያለው። ሐኪሙ መርፌውን ጠርጎ መለሰ። አልሰደበኝም። ቀስ ብሎ «አንተ የሽቦ ሰው አይደለህም እንዴ? ዝም ሲል ደውለህ ሞክረኸው ነበር?» አለኝ።

ቁስሉን አጥቦ አሰረው። ሆስፒታል ያለው ከብርጌዱም በታች ነው። ለቁስለኛ የምትመጣ አንዲት መኪና ነበረች፤ እሷም ጥይትና ፍንጣሪ የመታውን ታስቀድማለች። ሰይድ አይጮህም። አያቃስትም። የማይጮህ ሰው ደግሞ ተራው አይደርስም። መኪናዋ ሁለት ጊዜ መጥታ ሁለት ጊዜ ሞልታ ሄደች። ሦስተኛ አልመጣችም፤ መንገዱ ተቆረጠ። በስድስተኛው ቀን እግሩ ጠቆረ፣ ሸተተ፣ ትኩሳት ያዘው።

በስምንተኛው ቀን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ኋላ አፈግፍጉ የሚል ትእዛዝ መጣ። ሽቦውን ቆርጠን ተውነው። ሰይድን ቃሬዛ ላይ አደረግነው። ፊቱን ቶሎሳ፣ ኋላውን እኔ። ሦስት ሰዓት ላይ ገደሉን ስንሻገር ደረሱብን። አንድ መድፍ ከፊታችን ወደቀ። ቶሎሳ ድምፅ ሳያሰማ ተንበረከከ፣ የቃሬዛውን እንጨት እንደያዘ። ከእጁ ሳስለቅቀው ጣቶቹ እምቢ አሉኝ። ሃምሳ አለቃ ደምሴ የእሱን ቦታ ያዘ። ቶሎሳን አልቀበርነውም። ፊቱን በድንጋይ ከለልነው፣ ሄድን።

የእኔ እግር ያን ቀን በየእርምጃው ይሰነጥቀኝ ነበር። ሰይድ ከቃሬዛው ላይ ሆኖ ሳነክስ አየኝ።

«ያምሃል?»

«ያመኛል።»

«እኔን አያመኝም። ልሸከምህ?»

ሃምሳ አለቃው ሳቀ፤ ቀና ሲል ፊቱ እርጥብ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ፣ አንድ የግራር ጥላ ሥር አሳረፍነው። እጄን ያዘኝ። እጁ እንደ ፍም ይፋጅ ነበር።

«እናቴ ዘንድ ትሄዳለህ» አለኝ።

«አብረን ነው የምንሄደው።»

«ተወኝ እባክህ። ስትሄድ ጥይት ነው በላት። ድንጋይ ገደለው እንዳትላት። በከላላ ገበያ መሳቂያ ታደርገናለህ።» እጄን ሳብ አደረገ። «አንተም ድንጋዩን እርሳው። ለእኔ ብለህ ነው።»

ከዚያ በኋላ የተናገረው ከአላህ ጋር ነበር። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ አረፈ። በአካፋ ሳይሆን በሳንጃና በእጃችን ቆፈርን፣ ፊቱን ወደ ቂብላ አዙረን አስተኛነው። ከእስልምናው የማውቀውን ያህል አልኩለት፤ ያደግኩበት ነውና ጥቂት አውቃለሁ።

መንግሥት ሲለወጥ እኛም ተበተንን። ወሎ እስክገባ ብዙ ቀን በእግሬ ሄድኩ። ወደ ቤቴ ሳልገባ በፊት ወደ ከላላ ታጠፍኩ። የሰይድ እናት እማማ ዘሀራ ይባላሉ። የገበያ ቀን ስለነበር ቤታቸው ሰው ሞልቶ ነበር። በሩ ላይ እንደቆምኩ ለምን እንደመጣሁ ለሁሉም ገባቸው። አልቅሰው ሲያበቁ ወደ እሳቸው አስጠጉኝ።

«በምን ሞተ?» አሉኝ።

«በጥይት፣ እማማ።»

«ብዙ አመመው?»

ለዚህኛው ውሸት አላዘጋጀሁም ነበር። «የለም፣ እማማ። ምንም አላመመውም» አልኩ።

ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «አልሃምዱሊላህ» አሉ። «አልሃምዱሊላህ፣ ልጄን አላመመውም።» ጉልበቴን ስመው መረቁኝ። በየዓመቱ ለረመዳን እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር፤ ሁልጊዜ ይህንኑ ያነሡብኛል። ከሞቱ ቆይተዋል። እውነቱን ሳልነግራቸው ቀረ፤ ብነግራቸውም ምን ይረባቸው ነበር?

የእኔ እግር እንደለበለበኝ ኖረ። ጸበል ተጠመቅሁ፣ ፌጦ አሸሁ፣ ቅቤ ቀባሁ። በኋላ ስኳር ያዘኝና ይበልጡን ባሰብኝ። መካነ ሰላም ሐኪም ቤት አንዲት ወጣት ሐኪም አለች፣ ትዕግሥተኛ ልጅ። ብርዱ የጀመረውን ጉዳት ስኳሩ እንደጨረሰው ነገረችኝ። ማታ ማታ የምውጠው ክኒን ሰጠችኝ፤ ያደነዝዛል፣ ግን ማቃጠሉን ያለዝበዋል። «አባባ፣ ይኼ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ነርቩን አይመልስም» አለችኝ። «ስኳሩን ከተቆጣጠርነው መባሱን ልናዘገይ እንችላለን።» ምላጭ አያስነኩ፣ በባዶ እግር አይሂዱ፣ ጫማዎን ሳያራግፉ አያጥልቁ፣ በየቀኑ ውስጥ እግርዎን ይዩ አለችኝ። ሁሉንም አደርጋለሁ። ስለ ነርቩ የምትለውን ግን ቀድሞ አሥር አለቃ ካሳ ነግሮኝ ነበር።

ባለፈው ሰኔ፣ አንድ ጠዋት ስነቃ ግራ እግሬ ዝም ብሏል። ጉንዳኑ የለም፣ እሳቱም የለም። ቁጭ ብዬ አየሁት። ድንጋይ አልመታሁም።

ወደ ሐኪሟ ሄድኩ። ዐይኔን አስጨፍና በቀጭን ክር እየነካች «ሲሰማዎ ይበሉኝ» አለችኝ። ጠበቅሁ። ገና እየጀመረች መሰለኝና «መቼ ነው የምትነኪኝ?» አልኳት። ዐይኔን ገለጥኩ። ነክታ ጨርሳ ክሩን ጠቅልላ አስቀምጣ ነበር።

«ይመለሳል?» አልኳት።

«አይመስለኝም፣ አባባ።»

እንግዲህ ሙታኑን ልቁጠር። ከመላጣው የወረደው ሻለቃ ሜዳው ላይ ተሰልፎ ሲቆጠር አርባ አንድ ሰው አቤት አላለም። ከእኛ ቡድን ሁለት፦ ቶሎሳ በመድፍ፣ ሰይድ በድንጋይ። አሥር አለቃ ካሳ ከአርባ አንዱ አንዱ ነው፤ የት እንደወደቀ ያየ የለም። ሃምሳ አለቃ ደምሴ በመዝገቡ ላይ ለሁሉም እኩል «በጦር ሜዳ የተሰዋ» ብሎ ጻፈ። ሰይድ ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔም አየሁት፣ ጻፈው። ሃምሳ አለቃውም አገሩ ገብቶ በአልጋው ላይ እንደሞተ ሰምቻለሁ። ከአራቱ የቀረሁት እኔ ነኝ። ጦርነቱን ማን እንዳሸነፈ ልጆቹ በትምህርት ቤት ይማሩት። እኔ የማውቀው ሽቦውን ነው።

ልጄ አለምነሽ ስምንት ዓመት ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ናት። ከዚያ ስትመጣ ሙቅ ውሃ የሚሞላበት የጎማ ከረጢት ይዛልኝ መጥታለች፤ እግሬን ታሞቅልኝ ነበር። ከሐኪም ቤት በተመለስኩ ማግሥት ጠዋት ሞልታው መጣች።

«ዛሬስ እንዴት ነው፣ አባዬ? ያቃጥልዎታል?»

«የለም። ዝም ብሏል።»

«ምንም አያምዎትም?»

«ምንም አያመኝም።»

ሁለት እጇን ዘረጋች። የዓረብ አገሩ ልማድ አልለቀቃትም። «አልሃምዱሊላህ!» አለች፣ ፊቷ በርቶ። ከረጢቱን ከእግሬ ሥር ልታደርግ ጎንበስ አለች።

እጇን ያዝኩ። ከረጢቱን ተቀብዬ ወደዚያ አስቀመጥኩትና «ተቀመጪ፣ ልጄ» አልኳት።